ቲጂ የሠራችው ገጽ ሳይገነባ

ረቡዕ

አፑ ዛሬም አልተገነባም፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ቅጂ አዘጋጅቶ አላወጣልኝም። መቀየር የፈለግሁት አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። አፓችን ላይ ያለው የድረሱልኝ ቁልፍ እስካሁን የሚደውለው ትዕግሥት ጋ ነው። ትዕግሥትን ከቀበርናት አርባዋ እንኳ አልወጣም።

መጀመሪያ ስናወጣው የቢሮ ቁጥር እናስገባ ብዬ ነበር። እዚህ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉት ሴቶቻችን እንቢ አሉ። "ቢሮ ማን ያነሳል? ቲጂ ታንሳው።" የራሷን አስገባች።

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ከማዳሟ ቤት ሆና ደጋግማ ተጫነችው። ማንም አላነሳላትም። አሁን ደህና ናት ይላሉ።

ሐሙስ

ምክንያቱን አገኘሁት። ሥራችን ሦስት ክፍል አለው፦ ቁጥሩ ያለበት የጋራ ክፍል፣ የስልኩ አፕ፣ ድረ ገጹ። ትዕግሥት አንድ ላይ አስራቸዋለች፤ አንዱ ካልተገነባ ሌላውም አይወጣም። የሚወድቀው ድረ ገጹ ነው። የተሠራበት ሶፍትዌር አርጅቷል። አዲሱን ሳስገባ ሌላ ቦታ ይፈርሳል።

እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኮድ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ገጹን ግን ማንንም አታስነካም ነበር።

የጄኔሬተሩ መብራት ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ።

ዓርብ

ናባዓ ሰፈር፣ ሂሩት ፀጉር ቤት። አዲሱ ቁጥር የሂሩት ነው።

"ገጹን ነጥዬ ብተወው አፑ ይወጣል" አልኳት።

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"የቲጂን የሞት ዜና ለገጹ ጽፌ ጨርሻለሁ። ከተውኩት አይወጣም።"

"ፌስቡክ ላይ ለጥፊዋ።"

"እናቷ የሚያስነብቡት ገጹን ነው።"

የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ፦ "ያኒ፣ ማለት፣ የሞተችውን ከቆሙት እናስቀድም? ቲጂ ብትሰማሽ ትሰድብሽ ነበር።"

"እኔን ግን ግማሽ ፀጉሬን ተሠርቼ እንዳትተዉኝ" አለች ደንበኛዋ። ሳቅን። ሂሩት ስትስቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቅዳሜ

አደረግሁት። ድረ ገጹ ካሁን በኋላ የሚገነባው ሲጠየቅ ብቻ ነው። ዝም ከተባለ ይታለፋል፤ የፈለገ ሰው ያበራዋል። የጋራው ክፍልም ገጹን እየፈለገ እንዳይወድቅ አላቀቅሁት። ከጻፈችው አንድ መስመር አልሰረዝኩም፤ የቀድሞው ገጽ ኢንተርኔት ላይ እንዳለ ይቆያል።

አፑ ተገነባ። ሰርቷል የሚለውን መልእክት ቁጭ ብዬ አየሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፉል አሙቄ ሳልበላው ቀረሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ፀጉር ቤቱ ሞላ። ብዙዎቹ ኢንተርኔት የሚያገኙት ማዳማቸው ስትፈቅድ ነው። ስለዚህ እንደ ልማዳችን አፑ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ። አንዷ የድረሱልኙን ተጫነች። የሂሩት ስልክ ጮኸ።

"አቤት፣ የኔ እናት" አለች ሂሩት፣ ልጅቷ ፊት ለፊት ቆማ።

"ኸላስ፣ በቃ ይነሳል" አለች ልጅቷ።

አመሻሹ ላይ የትዕግሥት እናት ከደሴ ደወሉ።

"ልጄ፣ ገጹን አስከፍቼ ነበር። ስለ እሷ ምንም አልተጻፈም?"

"ገና ነው፣ እማማ።"

"ይሁን። 'እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እኔ ትዕግሥት ነኝ' የምትለዋ ጽሑፍ እኮ አለች። ደግሜ አስነበብኩት።"

ዜናው አራት አንቀጽ ነው፤ እርማት አይፈልግም። ገጹን መጠገን እችል ይሆናል፣ እንጃ። የተጠገነ ቀን መጀመሪያ የሚወጣው ሞቷ ነው። እስከዚያ እዚያ ላይ አልሞተችም። የምቸኩልበት ምክንያት ጠፋኝ።