በቁምጣ የደረስኩበት ቀብር

አሸብር፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ይህን ፖስት ካርድ ከደብረ ታቦር ነው የምጽፍልህ። የግማሽ ማራቶኑን ሜዳሊያ አትጠብቅ፤ ምን እንደሆንኩ ለራሴም አልገባኝም።

ሩጫውን አጋምሰን ወደ ከተማው ስንመለስ አስከሬን የተሸከመ ለቀስተኛ መንገዱን ሞልቶ መጣ። እኛ ጋ ቢሆን አስተናባሪው ቀብሩን ያስቆመው ነበር። እዚህ ግን የአገሩ ሯጮች በሙሉ ዞረው ከለቀስተኛው ጋር መራመድ ጀመሩ። ሩጫው ወደዚያ የታጠፈ መስሎኝ አቀርቅሬ ተከተልኩ። ለካ እነሱ ጥቂት ሸኝተው ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። ቀና ስል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በቁምጣ ቆሜያለሁ።

አንዲት እማሆይ ባዶ ጭኔን አይተው ነጠላቸውን አሸረጡኝና "የኔታ ወልደጊዮርጊስ ያስተማሩህ ነህ?" አሉኝ። ትንፋሼ ተቆራርጦ ሳልመልስላቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው "ሞታቸውን ሰምቶ ከሩቅ ሮጦ ደረሰ" አሉ። ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። የሟች እህት አንገቴ ላይ ተጠምጥመው "ወንድሜ፣ ልጅህ ደረሰልህ" ሲሉ እንዴት ብዬ ተሳስቼ ነው ልበል?

አለቀስኩ። የምሬን ነው ያለቀስኩት፤ ለማን እንደሆነ ግን እስካሁን አላውቅም።

ንፍሮ ዘግነው ሰጡኝ። ስወጣ ነጠላውን ልመልስ ብል እማሆይ እጄን ገፋ አድርገው "ለአርባቸው ለብሰኸው ትመጣለህ" አሉኝ። እሺ ማለቴን የሰማሁት ካልኩ በኋላ ነው።

ካርዱ ሞላ። እትዬ ትርንጎን ሳምልኝ። ጉልበትህ እስከ አርባው ከዳነ አብረኸኝ ና፤ የማን ተማሪ ነህ ሲሉህ ግን ምን እንደምትል ከአሁኑ አስብበት።

ሄኖክ