የጥንቸሎቹ መኝታ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ደህና ነን።

አናጢው ጎረቤታችን ለጥንቸሎችሽ ሰጋቱራ በነጻ አመጣልኝ። ያ ቆጥቋጣ ሰውዬ በነጻ? ነገሩ አላማረኝም ነበር። እውነትም በሦስተኛው ቀን ሰጋቱራው ረጅሙ ጸጉራቸው ውስጥ ተጠላልፎ፣ ሳበጥርላቸው ዋልኩ። አሁን እንዳልሽኝ ድርቆሽ ጎዝጉዤላቸው ተንደላቀው ይተኛሉ። አባትሽማ «ከእኛ አልጋ ይሻላል» እያለ ይቀናል።

ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። በደወልሽ ቁጥር የእነሱን መኝታ ትጠይቂኛለሽ፤ የአንቺን ስጠይቅሽ ስለ ዝናቡ ታወሪኛለሽ። በላክሽው ፎቶ ላይ ደግሞ ከኋላሽ መሬት ላይ ካርቶን ተዘርግቷል፤ ካርቶኑ ላይ ትራስ አለ። ትራስ እዚያ ምን ይሠራል?

እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። ሌላ ፎቶ ስትልኪ ግን፣ እባክሽ ልጄ፣ ፊትሽን አውቀዋለሁ፤ አልጋሽን አንሺልኝ።

እናትሽ