ገብስማዋ ከቤት እንዳትወጣ

ልጄ ሆይ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልም፤ በሰው አገር የሰው ፊት አይክበድህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ ሲመጣ ያጉረመርማል። ይህን በወረቀት ጽፋ፣ በስልኳ አንስታ የምትልክልህ የወንድምህ ሚስት ናት። ባሏን ስወርፍ እንዳታለዝብልኝ አስጠንቅቄያታለሁ።

ወንድምህ ነባሮቹን ዶሮዎች፣ ገብስማዋንም ጭምር፣ ቅዳሜ ለነጋዴ ሊሰጥ ቅርጫቱን በር ላይ አስቀምጧል። በምትካቸው የእርባታ ነጭ ዶሮዎች ሊያመጣ ነው።

«አባዬ፣ ያንተ ገብስማ በሳምንት ሁለቴ ብትጥል ነው፤ እነዚህ በየቀኑ ነው!» አለኝ።

«ዓመት ከምናምን በኋላ መጣል ሲያቆሙስ?»

«ያኔ ሌላ እንገዛለን።»

ቤት የሚቆመው እንዲህ ነው? ያ ክፉ ብርድ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ነጮች ጠራርጎ ሲወስድ፣ ገብስማዋ ላባዋን ነፍታ አድራ ጠዋት እንቁላል ጥላ ተገኘች። አምስት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ትጥላለች፣ ትታቀፋለች። እነዚያ መታቀፍ የሚባል አያውቁም።

ደሜ ፈላና «እሷ ከወጣች አንተም ተከትለሃት ውጣ!» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ማዕድ ቀርበን አንነጋገርም፤ ልብሱንም ሻንጣ ውስጥ ከቷል። ይህን ስል ምራቴ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጻፊ» አልኳት።

አባት ልጁን አይለምንም። አንተ ግን ታናሹ ነህ፤ ከቅዳሜ በፊት ደውልለት። ነጮቹን ያምጣ፤ የዶሮ ቤቱን ግማሽ በሽቦ ለይቼ እሰጠዋለሁ፤ ገብስማዋ ግን ትቅር። ከራስህ የመጣ ሐሳብ አስመስለው። የሱ ነጮች የጣሉትንም ቢሆን እሷው ትታቀፍለታለች በለው።

በሄድክበት ሙቀት አይለይህ፤ ሻንጣህም አንድ ቀን ወደዚህ በር ይመለስ።

አባትህ