የሺ ለምን ወንጀል መረጠች

የካቲት 3፣ ጠዋት
ማስታወሻዬ ሆይ፣ ብድግ በል። ቆብ ካለህ አውልቅ። እህቴ የሺ፣ የቤታችን ተስፋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወንጀል ልታጠና መርጣለች። ክሪሚኖሎጂ ይባላል። ሐኪም ስትጠብቅ የኖረችው እማ ራሷን በሻሽ አስራ ተኝታለች። እኔ ከዘጠነኛ ክፍል የወጣሁት ደስ ብሎኛል። ወንጀልማ እዚሁ በነጻ አስተምራት ነበር።

የካቲት 5
ለዕረፍት መጣች። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሁለት እጄን አጣምሬ ዘርግቼ ተቀበልኳት፣ እሰሪኝ ብዬ። አልሳቀችም። ቡሬ እስክንደርስ ለምን መረጥሽው እያልኩ ነዘነዝኳት። ከክፍሏ ግማሹ ሕግ ፈልጎ ውጤት ያነሰው ነው አለች። ሌላው ፊልም ላይ መርማሪ አይቶ። አንዷ አባቷ ፖሊስ ነው። አንቺስ? መስኮት መስኮቱን አየች።

የካቲት 8፣ ከሰዓት
የጎረቤታችን የአያ ሙሉ የውሃ ሞተር ጠፋ። ሽንኩርቱ ሊደርቅ ነው። ነገ አውጫጭኝ ተጠርቷል፤ አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይወጣ ቤቱ የሚገባ የለም። ያለፈ ያገደመው እኔን ያያል። የሰው አህያ ደብቄ አብሬ ስፈልግ ስንቴ ተይዣለሁ። ሞተሩን ግን አልነካሁም። ማን ያምናል። ስሙ የተጠራ ሰው ቢከፍልም አይድንም፣ ሰላምታ የሚሰጠው የለም። አባባ በተቃጠለ የጤፍ ክምር ስሙ ተጠርቶ አይደል ወደ መተከል የሄደው። በዚያው ቀረ።
እማ ልብሴን እያጠበች ነው። አባባ ሊሄድ ሲልም አጥባለት ነበር።

የካቲት 9፣ ከአውጫጭኝ መልስ
ስሜ ተጠራ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ጠባዩ ይታወቃል አሉ። ሰው አጉረመረመ። የሺ ተነሳች።
«አባቶቼ፣ ሲወስድ ያየው ማን ነው?»
«ይህን የማያውቅ አለ ልጄ?»
«የሚያውቅ አላልኩም። ያየ ነው ያልኩ።»
 ከዚያ ተቀመጭ ተባለች፣ ተምረሽ ልትንቂን ነው ወይ ተብላ። ሊፈርዱብኝ ሲሉ የአያ ሙሉ አማች በጋሪ ሞተሩን ጭኖ ደረሰ። ሳያስፈቅድ ለማሳው ወስዶት ኖሯል። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ጋቢውን አራግፎ ተበተነ። ይቅርታ ያለኝ የለም።
መንገድ ላይ የሺ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «የአባባ ስም የተጠራ ለት እንደ ክፍል እጄን አውጥቼ ነበር። ተናገሪ ያለኝ የለም።»
 

የካቲት 10
አያ ሙሉ አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ተሸክሞ መጣ። ትንሽ ነገር ናት፣ አትያዝብን አለ። እማ ስትቀበለው ከእጇ ወስጄ መለስኩለት።
ደግሞ እውነቱን ነው። ሞተር ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ወስዶ ውሃ አጠጣበት፣ መለሰ። ሌላ ምንም አልሆነም፣ ስሜ ከመጠራቱ በቀር።