ወንዛዬ የምትይኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትሽን ወንድሜ በወጉ አውጥቶልሻል። ጠላው ያንስ ይሆን ብለሽ ስትጨነቂ እንደምትኖሪ አውቃለሁና፣ ተርፎ ለጎረቤት ተልኳል። የቤትሽ ሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲጥል ሰው አያነጋግርም፤ ብትኖሪ ትጣዪው ነበር።

ስሜን የሚጠራልኝ ግን ጠፋ። እዚህ ገሳይ አገር ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት አማቴ እንደ አገሩ ልማድ አዲስ ስም አወጡልኝ፤ ያልጋነሽ አሉኝ። ባሌም፣ ጎረቤቱም፣ ገበያተኛውም ያልጋነሽ ነው የሚለኝ። አንቺ ብቻ አሻፈረኝ አልሽ። ልትጠይቂኝ ስትመጪ ከአጥሩ ውጭ ቆመሽ ወንዛዬ እያልሽ ስትጣሪ፣ ቤተሰቡ ማን ናት ደግሞ እያለ ይተያይ ነበር። እኔ ያወጣሁት ስም መች አረጀና ትዪ ነበር። አንቺ ስታርፊ ስሜም አብሮሽ የተቀበረ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ ኋላ ግን እምቢ አልኩ።

ስሙን ከየት እንዳመጣሽው ስንቴ ነግረሽኛል። ቁርጥማት እግርሽን ይዞሽ፣ አባቴ በበቅሎ ጭኖ ወንዛዬ ፍል ውኃ አደረሰሽ። በሶ እየበጠበጣችሁ እዚያው ሰነበታችሁ። ስትመለሺ በእግርሽ መጣሽ፤ በቅሎዋ የተሸከመችው የሐሙሲት ገበያ ሽንኩርት ነበር። በዓመቱ እኔን ወለድሽ። ቦታው ለምን ወንዛዬ ተባለ ብዬ ስጠይቅሽ፣ የሊቃውንቱን አላውቅም፣ ከዚያ ውኃ ድኖ የወጣ ሰው ግን እንደ ልጁ አቆላምጦ ቢጠራው አይፈረድበትም አልሽኝ። ለእኔ ይኸው ይበቃኛል።

እማዬ፣ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። ግንባሯ ያንቺው ነው። አማቴ ክርስትናዋ ሳይደርስ ስም አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ወንዛዬ ትባላለች ስላቸው ደነገጡ፤ የበሽተኛ መሰብሰቢያ ስም ለሕፃን ይወጣል ወይ አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ አራስ ሳለሁ እንደ እናት ነው ያረሱኝ። ከዚያ በፊት ቃላቸውን መልሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አንገቴን አልደፋሁም።

«እሜቴ፣ በሽተኛ የሚሄድበት ብቻ አይደለም፤ እናቴ በእግሯ የተመለሰችበት ነው» አልኳቸው።

ጉልበታቸውን እያሹ፣ ውኃው ለጉልበትም ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ስሙ ጸና። ገብሱ ታጭዶ ሲገባ አማቴንም የልጅ ልጅሽንም ይዤ ወደ ፍል ውኃው እወርዳለሁ። አንቺ በበቅሎ የሄድሽበትን፣ በእግርሽ የተመለስሽበትን መንገድ አሳያታለሁ። አልረሳሽም፤ እሷም ሳታውቅሽ እንድታድግ አልፈቅድም።

ለጊዜው ስሟን ገና አልለመደችውም። አማቴ ከጓሮ ሆነው ወንዛዬ፣ ወንዛዬ እያሉ ሲያባብሏት፣ እማዬ፣ አቤት የምለው እኔ ነኝ።

ልጅሽ ወንዛዬ