የሻወር ቤቱ ሴራሚክ

አርሴማ፣
ሻወር ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ይዤዋለሁ።
ሴራሚኩ ሱቅ ውስጥ አንዱን ብቻ ስናየው ሥዕሉ ቅጠል ነበር የሚመስለው። «ይሄ ያምራል» ያልሽውም አንቺ ነሽ፣ ግን ይሁን። ዛሬ ጠዋት የሲሚንቶውን አቧራ ልጠርግ ስገባ፣ አራት አራቱ የተገናኙበት ሁሉ መስቀል ሆኗል። ወለል ላይ! ያውም በቄስ ቤት!

አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ልታጠብ ካሉ፣ «ሲሚንቶው አልደረቀም» በያቸው። የውሸቱ ኃጢአት በእኔ ይሁን። ውሃ አሙቀሽ በሳፋ ስጪያቸው።

ያነጠፈውን ሰውዬ እንዲነቅለው ልለምነው ቤቱ ድረስ፣ ቀየት ከተማ ሄጃለሁ። በስልክ «እኔ መስቀል በመዶሻ አልመታም» ብሎ ዘጋብኝ። እኔም መዶሻውን አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

እህትሽ ይዘንጋሽ

መስቀሉን ያየሁት መሀል ከደረስኩ በኋላ ነው። በየት ረግጬ እንደወጣሁ አትጠይቂኝ።