ደረቴ ላይ ነው የማዝለው

ይድረስ ለእታለም ትርሲት፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ የጓሳ ብርድ ከመጥናቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

የላክሽልኝ የከተማ ማዘያ ደርሶኛል። ይሥሐቅን ደረቴ ላይ አስሬ፣ የበግ ጠጉር ባና ደርቤ ሞላሌ ገበያ ስወጣ ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። አማቴ እማማ አማከለች የልጄን የወሰንየለሽን አንቀልባ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቅቤ ቀብተው አለስልሰው አመጡልኝ።

«እህቱ የታዘለችበት እያለ ልጅ በደረት ይታዘላል?» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ በዚያ አላዝለውም» አልኳቸው። ተቀየሙኝ።

ደረት ላይ ልጅ ይዞ ገብስ ማበጠር ያስቸግራል፤ እለምደዋለሁ። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ዝም ካለ ተኝቷል ነው የሚባለው፤ ወሰንየለሽንም ተኝታለች ብዬ ነበር፤ ደረቴ ላይ ሲሆን ግን ትንፋሹ አንገቴን ያሞቀዋል።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጁ ዝም አለ። ያኮረፉት እማማ ከኋላ ሮጠው ደርሰው ባናውን ገለጥ አደረጉ። ጉንጩን ዳሰስ አድርገው አብረውኝ ሄዱ። ቤት ስንገባ አንቀልባውን መልሰው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት።

እታለም፣ ሌላ ማዘያ ካገኘሽ ማሰሪያው ረዘም ያለውን ላኪልኝ፤ እማማም ሊያዝሉት ነው።

የቅዱስ ሚካኤል ክንፍ ከቤትሽ አይራቅ።

እህትሽ ጌታነሽ